ባንዲራው የሰፈሩ ነው፦ ለከተማችን ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የከተማችን ምክር ቤት አባላት፣
ለተከበራችሁ የባህል ጉዳይ ክፍል ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ በትርፍ ጊዜያችን ለከተማችን ሰፈሮች ባንዲራ የምንነድፍ ሰዎች ነን። ደመወዝ የለንም፤ ቢሮም የለንም። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ልብስ ሰፊ አለች። ነርስ አለ፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ። ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ሁለት የግራፊክስ ተማሪዎችም አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት፣ መቀስና ባለቀለም ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዘን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን።

ነገሩን የጀመሩት መምህሩ ናቸው። አንድ ቀን የከተማዋን ካርታ ዘረጉና «እነዚህ 18 ሰፈሮች እያንዳንዳቸው ባንዲራ ቢኖራቸው ምን ይመስል ነበር?» አሉን። ያን ዕለት እስኪመሽ ስንስል ቆየን። በሳምንቱ መልሰን ስናየው ግን አላረካንም። ሰፈሮቹን ከካርታ ላይ ነበር የሳልናቸው፤ አብዛኞቹን በቅጡ አናውቃቸውም። ስለዚህ ወጣን። ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶብን 18ቱንም በእግራችን ዞርን። በየሄድንበት አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ «እንግዳ ሰው ሰፈራችሁን በአንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ቢሆን፣ ያ ነገር ምን ቢሆን ደስ ይላችኋል?»

ሰው ይህን ሲጠየቅ ዝም ብሎ ያስባል። ከዚያ ይናገራል። ያን ሁሉ ጻፍነው።

ባለፈው ዓመት ከእናንተ ደብዳቤ ደረሰን። ንድፎቹን እንድንልክ ተጠየቅን፤ በደስታ ላክን። ከእያንዳንዱ ንድፍ ጋር የቀለሙን ቁጥር፣ የምልክቱን ትርጉምና ነዋሪዎቹ የነገሩንን አያይዘን ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ብንጠይቅም «በሂደት ላይ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘንም። ባለፈው ወር 18 ባንዲራዎች አደባባዩ ላይ መሰቀላቸውን እንደማንኛውም ሰው በወሬ ሰማን። ሮጠን ሄድን።

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ አየቻቸው። «የእኛ ናቸው!» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አይ፣ አይደሉም» አለች። ሁለቱም እውነት ነበር። መነሻቸው የእኛ ንድፍ ነው። ግን በ18ቱም መሃል ላይ የከተማው ክብ ማኅተም ገብቷል። ከማኅተሙ ሥር የሰፈሩ ስም በትልቅ ፊደል ተጽፏል። በሰባቱ ላይ ቀለም ተለውጧል። በሁለቱ ላይ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ወጥቶ ሌላ ተተክቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛም አልተጠየቅንም፤ ከእኛ የሚብሰው ደግሞ፣ ነዋሪዎቹ አልተጠየቁም።

ቅሬታችንን በየተራ እናስረዳ።

ከማኅተሙ እንጀምር። ማኅተም ለወረቀት የተሠራ ነገር ነው። ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ አስጠግቶ ያየዋል። ባንዲራ ግን ከሩቅ፣ እየተወዛወዘ፣ በሁለቱም በኩል ነው የሚታየው። ሒሳቡን ሠርታችሁ ማየት ትችላላችሁ። 90 በ150 ሴንቲሜትር የሆነ ባንዲራ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ቢሰቀል ለዓይናችሁ ስንት ያህል ይሆናል? መጽሐፍ በምታነቡበት በ40 ሴንቲሜትር ርቀት ከያዛችሁት 1.2 በ2 ሴንቲሜትር የሆነ ወረቀት ጋር እኩል ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች እንጂ አትበልጥም። በእኛ ማኅተም ላይ የአበባ ጉንጉን አለ፣ ባለዓምድ ሕንፃ አለ፣ ዓመተ ምሕረት አለ፣ ዙሪያውን የሚዞር ጽሑፍ አለ። ያ ሁሉ ጥፍር ላይ ሲገባ የሚታየው ክብ ነጠብጣብ ብቻ ነው። 18 ባንዲራ ተደርድሮ 18 ነጠብጣብ ይታያል። ሰፈሮቹን እንዲለያዩ ልንሠራላቸው የነበረው ነገር አንድ አደረጋቸው።

የወንዙን ዳር ሰፈር እንውሰድ። ነዋሪዎቹ የመረጡት በቢጫ መደብ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ አንድ ወፍራም ሰማያዊ ሞገድ ነበር። ሌላ ምንም የለበትም። አንድ ትንሽ ልጅ አንዴ ብቻ አይቶት አስፋልት ላይ በጠመኔ ሲስለው አይተናል። ለእኛ ከዚያ የበለጠ ፈተና የለም። ሕፃን በቃሉ የሚስለው ባንዲራ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ዛሬ በተሰቀለው ላይ ማኅተሙ ሞገዱን መሃል ለመሃል ቆርጦታል። ግራና ቀኝ ሁለት ሰማያዊ ቁራጭ ቀርቷል። ወንዙ ጠፍቷል።

ነፋስ የሌለበትን ቀንም አስቡት። ያኔ ባንዲራው በምሰሶው ላይ ተጣጥፎ ይንጠለጠላል። የሚታየው ምሰሶው አጠገብ ያለው የላይኛው ጥግ ብቻ ነው። መሃል ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ እጥፋት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማኅተሙ ነፋስ ሲኖር አይነበብም፤ ነፋስ ሳይኖር አይታይም።

ይህ ስህተት በእኛ ከተማ አልተጀመረም። አሜሪካ ውስጥ የፖርትላንድ ከተማ በ1969 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባንዲራ ስታጸድቅ፣ ንድፉን ያወጣው ዳግላስ ሊንች ማኅተም አላስገባበትም ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ግን ማኅተሙ ካልገባ አለ። ገባ። ያ ባንዲራ ከማኅተሙ ጋር 33 ዓመት ኖረ። በ2002 ምክር ቤቱ ራሱ ጉዳዩን መልሶ አየና ማኅተሙን አወጣው። ንድፍ አውጪው በሕይወት እያለ ነው ይህ የሆነው። እኛም እንዲህ ያለ ምክር ቤት እንዲኖረን እንፈልጋለን፤ 33 ዓመት ባይፈጅ ደግሞ ደስ ይለናል።

እዚያው አሜሪካ ያለችውን የፖካቴሎ ከተማን ታሪክም እናንሳ። በ2004 የሰሜን አሜሪካ የባንዲራ ጥናት ማኅበር የ150 የአሜሪካ ከተሞችን ባንዲራ ለድምፅ አቅርቦ ነበር። የፖካቴሎ መጨረሻ ወጣ። ያ ባንዲራ ነጭ መደብ ላይ መፈክር የተጻፈበት ነበር፤ የባለቤትነት መብት ምልክት እንኳን ነበረበት። ከተማዋ ትችቱን ተቀበለች። ኮሚቴ አቋቁማ፣ ከሕዝብ ንድፍ ሰብስባ፣ በ2017 አዲስ ባንዲራ አጸደቀች። ተራሮቿ ያሉበት፣ ቀለል ያለ፣ ዓይን የሚይዝ ባንዲራ ነው። ስህተትን ማረም እንደሚቻል ለማሳየት ነው ያነሳነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናምናለን። ሰፈሮቹ የአንድ ከተማ ልጆች መሆናቸው በባንዲራቸው ላይ መታየት አለበት ካላችሁ፣ ሐሳባችሁ ተገቢ ነው። መንገዱ ግን ማኅተም አይደለም። በላክንላችሁ ሰነድ መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርበን ነበር። በሁሉም ባንዲራ ላይ፣ በምሰሶው በኩል፣ ስፋቱ ከባንዲራው ርዝመት አንድ አሥረኛ የሆነ ነጭ ሰንበር ይኑር። ያ ሰንበር የከተማው ይሁን። የቀረው የሰፈሩ ይሁን። ሰው ከሩቅ አይቶ «ይሄ የእነዚያ ወገን ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ይለያል። የቺካጎ ባንዲራ ከተማዋንና ክፍሎቿን በሰንበር አገናኝቷል። በ1917 ነው የጸደቀው። ሦስቱ ነጭ ሰንበሮች የከተማዋን ሰሜን፣ ምዕራብና ደቡብ ክፍል ያመለክታሉ። ሁለቱ ሰማያዊ ሰንበሮች ውኃዎቿን ያመለክታሉ። መጀመሪያ ሁለት ቀይ ኮከብ ነበረው፤ በ1933 ሦስተኛው፣ በ1939 አራተኛው ተጨመረ። አንድም ፊደል የለበትም። የከተማዋ ሰው ግን ኮፍያው ላይ፣ ግድግዳው ላይ ያደርገዋል፤ ክንዱ ላይ ሳይቀር ይነቀሰዋል።

ወደ ጽሑፉ እንለፍ። የሰፈሩ ስም በባንዲራው ላይ መጻፉ ለምን እንደሚጎዳ አደባባዩ ላይ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ባንዲራዎቹ የታተሙት በአንድ ነጠላ ጨርቅ ላይ ነው። ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል። ስለዚህ በአንድ በኩል የቆመ ሰው ስሙን ያነባል፤ በሌላው በኩል የቆመ ሰው ደግሞ ተገልብጦ፣ ልክ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ያየዋል። በሁለቱም በኩል እንዲነበብ ከተፈለገ ሁለት ጨርቅ ተደርቦ፣ በመካከሉ ብርሃን የማያስተላልፍ ሦስተኛ ጨርቅ መግባት አለበት። ያኔ ባንዲራው ይከብዳል። ዋጋው ይጨምራል። ለስላሳ ነፋስ አያነሳውም። ባንዲራ ስሙን መናገር ያለበት በቀለሙና በቅርፁ ነው። ስሙን ካልጻፍንበት አይታወቅም ከተባለ፣ ንድፉ መልሶ መሠራት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ብትሉን በደስታ እንሰማ ነበር።

ቀለም። እዚህ ላይ ልባችን በጣም ነው ያዘነው።

ድሮ ብረት ማቅለጫ የነበረበትን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሰዎቹ ግን አሉ። ባንዲራቸው ጥቁር መደብ ላይ አንድ ቢጫ ክብ ነበር። ክቡ የቀለጠው ብረት ነው። ስለ ጥቁሩ ስንጠይቅ አንድ አዛውንት መዳፋቸውን ዘርግተው «ጥቁሩ ይሄ ነው» አሉን። በጥቀርሻ ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን እጅ ነበር የሚያሳዩን። ይህን ቃል በቃል ጽፈን ልከንላችኋል። ዛሬ የተሰቀለው መደቡ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ጥቁር ሐዘን እንደሚመስል በቃል ተነገረን። የሐዘን ቀለም ነው ብለው የሚያዝኑ ከሆነ፣ ያንን ለመወሰን መብቱ የእነዚያ አዛውንትና የጎረቤቶቻቸው ነው። እነሱ ግን ኮርተውበት ነበር።

ሌላው ደግሞ የአትክልት ቦታው ሰፈር ነው። በአረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ አበባ፤ በአበባው ዙሪያ ነጭ ቀለበት። ነጩ ቀለበት «ለማቅለል» በሚል ወጣ። ያ ቀለበት ግን ጌጥ አልነበረም። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲሆኑ ድምቀታቸው ስለሚቀራረብ ከሩቅ ይዋሃዳሉ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ በተለይ ወንዶች። ለእነሱ ያ አበባ የለም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጋሻ ሠዓሊዎች ይህን ያውቁ ነበር። ነጭና ቢጫን እንደ ብር እና ወርቅ ቆጥረው፣ ጠቆር ያለ ቀለም በሌላ ጠቆር ያለ ቀለም ላይ አይቀመጥ የሚል ሕግ ነበራቸው። ሕጉ የመጣው በጦር ሜዳ ወገንን ከጠላት ከሩቅ ለመለየት እንዲቻል ነው ይባላል። እኛ ጦር ሜዳ የለንም፤ ዓይናችን ግን ያው የሰው ዓይን ነው።

ቀይ ቀለም ያለባቸው ባንዲራዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። አንዱ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፣ ሌላው ወደ ሐምራዊ። ስክሪን ላይ የሚታይ ቀይና ጨርቅ ላይ የሚታተም ቀይ አንድ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነበር የፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም አታሚዎች አንድን ቀለም በትክክል የሚለዩበትን መለያ፣ ጽፈን የላክነው። ቁጥሩ ለአታሚዎቹ አልተሰጣቸውም።

አሁን የኮረብታውን ሰፈር ነገር እናንሳ። ከሁሉም በላይ የሚከብደን ይኼ ነው፤ ትንሽ ታገሡን።

ያ ሰፈር ላይኛውና ታችኛው ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። በስም እንኳን አይስማሙም። መጀመሪያ ቀን ስንሄድ የላይኞቹ «የውኃ ማማው ይሁን» አሉ። ማማው ያለው ላይኛው ላይ ነው። የታችኞቹ «የድሮው ወፍጮ ይሁን» አሉ። ወፍጮው ያለው ታችኛው ላይ ነው። አምስት ጊዜ ሰበሰብናቸው። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሰዎች ተቆጥተው ወጡ። በአራተኛው ላይ ልንተወው ነበር። በአምስተኛው ላይ እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩ አንዲት እናት ተነሡ። ታችኛው ላይ ይኖራሉ፤ ሥራቸው ላይኛው ላይ ነው። «ሁላችንም እኮ ደረጃውን እንወጣለን» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። ሁለቱን ሰፈር የሚያገናኘውን ረጅሙን የድንጋይ ደረጃ ማለታቸው ነው። የላይኛው ሰው ሲወርድ፣ የታችኛው ሰው ሲወጣ የሚገናኙበት እሱ ላይ ነው።

ባንዲራው በዚያ ምሽት ተወለደ። ላዩ ቀይ፣ ታቹ ሰማያዊ። በመካከላቸው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ነጭ ደረጃ። እጅ ወጥቶ ሲቆጠር የተቃወመ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ከመካከላችን ያለው ነርስ ወደ ቤት ስንመለስ አለቀሰ። ሁለት ዓመት ተኩል የለፋነው ለዚያ ምሽት ቢሆን እንኳን አይቆጨንም።

ዛሬ በኮረብታው ሰፈር ስም የተሰቀለው ባንዲራ ላይ ያለው የውኃ ማማው ነው። ደረጃው የለም።

ይህን የወሰነው ሰው ክፋት ነበረው አንልም። ምናልባት ማማው ከየትም ስለሚታይ ይሆናል። ግን አንድ ጊዜ ደውሎ ቢጠይቅ፣ ማማው የተተወበትን ምክንያት በአምስት ደቂቃ እንነግረው ነበር። አሁን የታችኛው ሰፈር ሰዎች «ድሮም ታውቁ ነበር፤ ያታለላችሁን እናንተ ናችሁ» እያሉን ነው። መልስ የለንም። እነዚያ እናት በመንገድ ሲያገኙን ሰላም ይላሉ፤ ስለ ባንዲራው ግን አያነሱም።

ስለ ስም ደግሞ እንናገር። የባቡር ጣቢያውን ሰፈር ባንዲራ የነደፈችው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሁለት ነጭ ሐዲድ እና በላያቸው አንድ ቢጫ የምልክት መብራት። እኛ መስመሩን ከማስተካከል በቀር ምንም አልጨመርንበትም። በላክነው ሰነድ ላይ የእሷ መሆኑን በግልጽ ጽፈናል። በምረቃው ዕለት ግን 18ቱም ባንዲራዎች «በቢሮው ባለሙያዎች የተዘጋጁ» መሆናቸው በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሕዝቡ መሃል ቆማ ትሰማ ነበር። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ አትመጣም።

በ1927 አላስካ ገና የአሜሪካ ግዛት ሳለች ለተማሪዎች የባንዲራ ውድድር ወጣ። ያሸነፈው ቤኒ ቤንሰን የሚባል በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ታዳጊ ነበር። በሰማያዊ መደብ ላይ ሰባቱን የድብ ኮከቦችና የሰሜን ኮከብን አስቀመጠ። ባንዲራው ሳይነካ ጸደቀ። አላስካ በ1959 ክፍለ ሀገር ስትሆንም ያው ባንዲራ ቀጠለ። የልጁ ስም ዛሬም ከባንዲራው ጋር ይጠራል። ዊትኒ ስሚዝም በወጣትነቱ ለጉያና ባንዲራ ነድፎ የላከ የባንዲራ ፍቅር ያለበት ሰው ነበር። አገሪቱ በ1966 ነፃ ስትወጣ ንድፉ ጥቂት ተሻሽሎ የአገር ባንዲራ ሆነ፤ የማን እንደሆነም ማንም አልደበቀም። የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦችን ባንዲራ በ1971 የነደፈው ሃሮልድ ቶማስ ደግሞ ባለቤትነቱ በፍርድ ቤት የተረጋገጠለት በ1997 ነው። በ2022 መንግሥት መብቱን ከእሱ ገዝቶ ሁሉም ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት አደረገ። እኛ ገንዘብ አንጠይቅም። ንድፎቹን ለከተማው ሰጥተናል፤ የሰጠነውንም አንመልስም። የአንዲት ልጅ ስም ግን የእኛ አይደለም፤ ልንሰጠው አንችልም። የእናንተም አይደለም።

በጨርቁ ላይ ብዙ አንቆይም። ባንዲራ የሚያረጀው ከምሰሶው ርቆ በሚወዛወዘው ጫፉ በኩል ነው። ለዚህ ነው ያ ጫፍ ታጥፎ በአራት መስመር መሰፋት ያለበት። የተሰቀሉት በአንድ መስመር ነው የተሰፉት፤ ከአሁኑ መተርተር ጀምረዋል።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ ክልከላው ነው። ከምረቃው በኋላ በሕዝብ ቦታ መሰቀል የሚችለው ማኅተም ያለበት ባንዲራ ብቻ ነው የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት የወንዙ ዳር ሰፈር ልጆች የኳስ ውድድር ነበራቸው። የሰፈሩ ሰዎች ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሦስት ምሽት ተቀምጠው የሰፉትን ባለሞገድ ባንዲራ ሜዳው ዳር ሰቅለው ነበር። መጥተው አስወረዱት። ጨዋታው ሳያልቅ።

የሰፈር ባንዲራ ከየት እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ ሰው ጣልያን ውስጥ ያለችውን ሲየናን ይመልከት። ከተማዋ 17 ሰፈሮች አሏት፤ ዝይ፣ ቀንድ አውጣ፣ ኤሊ፣ ሞገድ፣ ጉጉት እየተባሉ ይጠራሉ። ድንበራቸውን የወሰነው በ1729 የወጣ የገዢዋ የቪዮላንቴ ቤያትሪቼ አዋጅ ነው። ባንዲራቸውን ግን የሚሰፋው፣ በየመንገዱ የሚሰቅለው፣ ለልጁ የሚያስተምረው የሰፈሩ ሰው ነው። በየዓመቱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 የፈረስ ውድድሩ ሲደርስ ከተማው በሙሉ በባንዲራ ይሞላል። ያ የሆነው በማስታወቂያ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሚልዋኪ ከተማ ደግሞ በ2016 ሕዝብ የመረጠው ባንዲራ የከተማዋ ምክር ቤት ባያጸድቀውም በየበረንዳው ተሰቀለ። ሰው የወደደውን ይሰቅላል።

እኛም እንከን አለብን። ከ18ቱ ንድፎች ሁለቱ ደካማ እንደነበሩ ዛሬ እናምናለን። የገበያው ሰፈር ምልክት በዝቶበታል። የሐይቁ ሰፈር ደግሞ ከሌላ ባንዲራ ጋር ይምታታል። እነዚህን ብትመልሱልን ኖሮ መልሰን እንሠራቸው ነበር። ማኅተሙ የገባው በደካሞቹም በጠንካሮቹም ላይ እኩል ስለሆነ፣ አንዳቸውም በትክክል እንዳልታዩ ገባን። ኒውዚላንድ ባንዲራዋን ለመቀየር ባሰበች ጊዜ 10,292 ንድፍ ቀርቦ ሁሉም ለሕዝብ ታይቷል። ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ። በማርች 2016 ከመራጩ 56.6 በመቶው የድሮው ይቆይ አለ፤ ቆየ። ተጠይቆ እምቢ ያለ ሕዝብ ቅር አይለውም። የእኛ 18 ሰፈሮች ግን ከእናንተ አንድም ጥያቄ አልቀረበላቸውም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት የኮረብታው ሰፈር ባንዲራ ይውረድ። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን እያደር ሰዎችን እያቃቃረ ነው። ደረጃው ይመለስ። ሲመለስም ከእናንተ አንድ ኃላፊ ወደ ሰፈሩ ሄዶ፣ ለውጡ ያለ ነዋሪው ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ለላይኛውም ለታችኛውም ይንገርልን። እኛ ብንናገር አያምኑንም።

የባቡር ጣቢያውን ሰፈር ባንዲራ የነደፈችው ተማሪ፣ እሷና ወላጆቿ ከፈቀዱ፣ «በቢሮው ባለሙያዎች የተዘጋጁ» በተባለበት በዚያው አደባባይ ስሟ በድምፅ ማጉያ ይነገር። ሌሎቹንም ንድፎች በየሰፈሩ ማን ምን እንዳዋጣ የሚገልጽ ጽሑፍ እኛ አዘጋጅተን እናቀርባለን።

ማኅተሙና ጽሑፉ በሚቀጥለው ሕትመት ይውጡ። የተሰቀሉትን ዛሬውኑ ጣሉ አንልም፤ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶባቸዋል። ጫፋቸው ተተርትሮ መቀየራቸው ስለማይቀር፣ ሲቀየሩ በትክክለኛው ይቀየሩ። የከተማው ምልክት ያስፈልጋል ካላችሁ ነጩን ሰንበር ተመልከቱልን፤ የተሻለ ሐሳብ ካላችሁም አብረን እንየው። ለአታሚዎቹ የቀለሙ ቁጥርና የስፌቱ ዝርዝር ይሰጣቸው። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ያለ ክፍያ ለማየት ፈቃደኛ ናት።

ቀለማቸው የተለወጠባቸው ሰባት ሰፈሮች ይጠየቁ። አንድ ምሽት፣ አንድ አዳራሽ፣ ሁለቱ ባንዲራዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው። በስልክ ስክሪን አይደለም፤ በጨርቅ፣ ከ30 ሜትር። የተለወጠውን ከመረጡ እንቀበላለን።

በሕዝብ ቦታ መስቀልን የከለከለው ማስታወቂያ ይነሳ። ከልጆቹ ጨዋታ ላይ የተወሰደው ባለሞገድ ባንዲራም ለሰፈሩ ይመለስ። በእጅ የተሰፋ ነው፤ ሌላ የለም።

በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜም አለን። ከእናንተ የሚመጣ ሰው ካለ ሁሉንም ወረቀት፣ ሁሉንም ጨርቅ፣ የነዋሪዎቹንም ቃል አውጥተን እናሳየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈር ባንዲራ ንድፍ አውጪዎች ስብስብ አስተባባሪ
በስብስቡ አባላት ስም